በቨርጂኒያ ምክትል አገረ ገዥ ለብቻው ይመረጣል፦ ባዶ ስለተተወ አንድ መስመር የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው የመጣው በአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ከሚኖሩ እናት ነው። እንዲህ ይላል፦ «ዜግነት ካገኘሁ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ የመረጥኩት በኖቬምበር 2025 ነው። ለአገረ ገዥነት የፈለግኋትን መርጬ ቀጥሎ ያለውን የምክትል አገረ ገዥ ቦታ ባዶ ተውኩት፤ ምክትሏን ራሷ የምትሾም መስሎኝ ነበር። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችው እኅቴ ግን እነሱ ዘንድ አንድ ቦታ ላይ ምልክት ሲደረግ ሁለቱም አብረው እንደሚመረጡ ነገረችኝ። ድምፄ ተበላሽቶ ይሆን? ሁለቱ ከተለያየ ፓርቲ ቢመጡስ አዛዡ ማን ነው? ልጄ ደግሞ ሥልጣን የሌለው ወንበር ስለሆነ አትጨነቂ ይለኛል። እውነት መጨነቅ አያስፈልገኝም?»

ድምፅዎ አልተበላሸም። በቨርጂኒያ የድምፅ መስጫ ወረቀት ላይ የአገረ ገዥ፣ የምክትል አገረ ገዥ፣ የዋና ዐቃቤ ሕግና የምክር ቤት ተወካይ ምርጫዎች እያንዳንዳቸው ራሳቸውን የቻሉ ውድድሮች ስለሆኑ፣ የሚቆጠሩትም አንድ በአንድ ነው። በአንዱ ላይ ምልክት አለማድረግ በሌላው ላይ የተሰጠውን ድምፅ አይነካውም። ለአገረ ገዥነት የመረጧቸው እጩ ድምፅዎን አግኝተዋል፤ ለምክትል አገረ ገዥነት ከተወዳደሩት ግን አንዳቸውም ከእርስዎ ምንም አላገኙም። ድምፅ ውድቅ የሚሆነው በአንድ ውድድር ውስጥ ከሚፈቀደው ቁጥር በላይ ምልክት ሲደረግ ነው፤ ያኔም የሚወድቀው የዚያ ውድድር ድምፅ ብቻ እንጂ ወረቀቱ በሙሉ አይደለም። ስሕተቱ ወረቀቱ ወደ መቁጠሪያው መሣሪያ ከመግባቱ በፊት ከታወቀ፣ የተበላሸውን መልሶ አዲስ መጠየቅ ይቻላል። ብዙ አዛውንቶቻችን ከኋላቸው ያለውን ሰልፍ አይተው አስፈጻሚዎቹን ማስቸገር ስለሚያፍሩ የተሳሳተውን ወረቀት እንዳለ ያስገቡታል። መብታቸው ስለሆነ ሊያፍሩበት አይገባም።

እኅትዎም የነገሩዎት እውነት ነው፤ እውነትነቱ ግን ለሜሪላንድ ብቻ ነው። በሜሪላንድ የአገረ ገዥነት እጩው ምክትሉን አስቀድሞ ይመርጥና ሁለቱ በአንድ መስመር ተጣምረው ይቀርባሉ፤ መራጩም አንድ ምልክት ብቻ ያደርጋል። በ 2022 ዌስ ሙር እና አሩና ሚለር የተመረጡት እንዲህ ነው። የሜሪላንድ ምክትል አገረ ገዥ ከተመረጠም በኋላ የሚሠራው አገረ ገዥው የሚሰጠውን ሥራ ስለሆነ፣ እዚያ «የአገረ ገዥው ምክትል» ማለት በቂ ይሆናል። ከፖቶማክ ወንዝ ወዲህ ማዶ ግን ሕጉ ሌላ ነው። የቨርጂኒያ ሕገ መንግሥት ምክትል አገረ ገዥው ከአገረ ገዥው ጋር በአንድ ቀንና ለእኩል የአራት ዓመት ዘመን እንዲመረጥ፣ የሚጠየቀውም መመዘኛ አንድ ዓይነት እንዲሆን ያዝዛል፤ ይኸውም የአሜሪካ ዜግነት፣ ቢያንስ 30 ዓመት ዕድሜ፣ እንዲሁም በቨርጂኒያ ቢያንስ አምስት ዓመት ነዋሪና የተመዘገበ መራጭ ሆኖ መቆየት ነው። ከዚህ በቀር ሁለቱን የሚያስተሳስር ነገር የለም። አገረ ገዥው ምክትሉን አይሾምም፣ አይሽርም፣ ሥራም አያዝዝም። በአንድ ምልክት የአንድን ፓርቲ እጩዎች በሙሉ የመምረጥ አሠራርም በቨርጂኒያ የለም። እያንዳንዱን ቦታ ራስዎ መሙላት ይኖርብዎታል።

ይህ ጽሑፍ በሌላ ክፍለ ግዛት ላሉ ወገኖችም መድረሱ ስለማይቀር ጥቂት ልጨምር። ዘመድ ከሌላ ከተማ ደውሎ የሚነግረን የምርጫ ሕግ ብዙ ጊዜ የእርሱ ክፍለ ግዛት ሕግ ነው። እንደ ቨርጂኒያ ሁሉ በጆርጂያ፣ በቴክሳስ፣ በኔቫዳ፣ በካሊፎርኒያ እና በዋሽንግተን ክፍለ ግዛት ምክትል አገረ ገዥው ለብቻው ስለሚመረጥ፣ በአትላንታ፣ በዳላስ፣ በላስ ቬጋስ፣ በሎስ አንጀለስና በሲያትል ያላችሁ ሁሉ መስመሩን ለብቻው ታገኙታላችሁ። በሚኒሶታ፣ በኮሎራዶና በኦሃዮ ደግሞ በጠቅላላ ምርጫው ሁለቱ ተጣምረው ይቀርባሉ። ዋሽንግተን ዲሲ ክፍለ ግዛት ስላልሆነች አገረ ገዥም ምክትል አገረ ገዥም የላትም። የሥልጣኑም መጠን ከቦታ ቦታ ይለያያል፤ የቴክሳሱ ምክትል አገረ ገዥ የሴኔቱን ኮሚቴዎች ስለሚሰይምና የትኛው ሕግ ለውይይት እንደሚቀርብ ስለሚወስን፣ በዚያ ክፍለ ግዛት ካሉት እጅግ ኃያላን ባለሥልጣናት አንዱ ነው። የቨርጂኒያው ይህን ማድረግ አይችልም። ልጅዎ «ሥልጣን የለውም» ያሉት ይህን አይተው ከሆነ በከፊል ልክ ናቸው፤ ሙሉውን ግን አላዩትም፤ ወደዚያ እመለሳለሁ።

ሁለቱ ከተለያየ ፓርቲ ቢመጡ ማን ያዝዛል ላሉት፣ የአስፈጻሚው አካል አዛዥ አገረ ገዥው ብቻ ነው። በቨርጂኒያ እንዲህ ያለ መለያየት ሲደርስ የመጀመሪያው አይሆንም። በ 1993 ሪፐብሊካኑ ጆርጅ አለን አገረ ገዥ ሲሆኑ፣ ዛሬ አሌክሳንድሪያንና አርሊንግተንን በፌዴራሉ ምክር ቤት የሚወክሉት ዴሞክራቱ ዶን ባየር በምክትል አገረ ገዥነት እንደገና ተመርጠዋል። በ 2005 ደግሞ ተገልብጦ ዴሞክራቱ ቲም ኬይን አገረ ገዥ፣ ሪፐብሊካኑ ቢል ቦሊንግ ምክትል ሆነዋል። መንግሥት አልተናጋም፤ አገረ ገዥው አገረ ገዥነቱን፣ ምክትሉም የሴኔት ሰብሳቢነቱን ይዘው ሠርተዋል። ለብቻ መመረጥ የሚያመጣው ችግር አንዳንድ ጊዜ ከአንድ ፓርቲ በወጡ ሰዎች መካከልም ይታያል። በ 2021 የአይዳሆ ምክትል አገረ ገዥ ጃኒስ ማጊያኪን፣ አገረ ገዥው ብራድ ሊትል ከክፍለ ግዛቱ ወጣ ባሉበት ጊዜ በተጠባባቂነት ሥልጣናቸው ተጠቅመው የአፍ መሸፈኛን ማስገደድ የሚከለክል ትእዛዝ አወጡ፤ አገረ ገዥው ሲመለሱ ሻሩት። ሁለቱም ሪፐብሊካን ነበሩ። በኖቬምበር 2025 በቨርጂኒያ ግን አቢጌል ስፓንበርገር በአገረ ገዥነት፣ ጋዛላ ሃሽሚ በምክትል አገረ ገዥነት ስለተመረጡ ሁለቱም ዴሞክራቶች ናቸው። ያም ሆኖ መራጩ ሁሉንም በአንድ ዓይን አላያቸውም፤ ስፓንበርገር በ 15 ከመቶ ነጥብ ገደማ፣ ሃሽሚ በ 11 ገደማ ሲያሸንፉ፣ ለዋና ዐቃቤ ሕግነት የተወዳደሩት ጄይ ጆንስ ያሸነፉት ከ 7 ባነሰ ነጥብ ነው። በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ድምፆች ከመስመር መስመር ተለያይተዋል ማለት ነው።

አሁን ወደ ልጅዎ አስተያየት ልመለስ። የቨርጂኒያ ምክትል አገረ ገዥ ሕግ አይፈርምም፣ ሕግ ውድቅ አያደርግም፣ መሥሪያ ቤት አይመራም፣ ትምህርት ቤትንም ፖሊስንም አያስተዳድርም። ሥራው የሙሉ ጊዜ እንኳ አይደለም፤ የአገረ ገዥው ደመወዝ በዓመት 175,000 ዶላር ሲሆን የምክትሉ 36,321 ዶላር ነው። ስለዚህ ለዚህ ቦታ የሚወዳደር ሰው ግብር እቀንሳለሁ፣ የቤት ኪራይ አረክሳለሁ፣ የቤተሰብ ቪዛ አፋጥናለሁ ሲል ብትሰሙት አትመኑት። ቪዛ የፌዴራሉ መንግሥት ጉዳይ ነው፤ ግብርና ኪራይም በእርሱ እጅ አይወሰኑም። በጥቂት ቦርዶች ላይ መቀመጡም፣ ለምሳሌ በቱሪዝም ባለሥልጣን ቦርድ፣ ለመራጩ ትልቅ ለውጥ የሚያመጣ አይደለም።

ክብደቱ ያለው በሌላ ቦታ ነው። ምክትል አገረ ገዥው የክፍለ ግዛቱ ሴኔት ሰብሳቢ ነው። ሴኔቱ 40 አባላት አሉት፤ 40 ደግሞ ለሁለት እኩል የሚከፈል ቁጥር ነው። ሰብሳቢው በሌላ ጊዜ ድምፅ አይሰጥም፤ አባላቱ እኩል ለእኩል ሲከፈሉ ግን ጉዳዩን የሚወስነው የእርሱ ድምፅ ይሆናል። ይህ በወረቀት ላይ ብቻ የሚታይ ዕድል እንዳይመስልዎ፣ በቨርጂኒያ በተግባር የሆነውን ልንገርዎ።

በ 2011 በተደረገው የሴኔት ምርጫ ዴሞክራቶችና ሪፐብሊካኖች 20 ለ 20 ሆኑ። በጃንዋሪ 2012 ሴኔቱ ሲሰበሰብ ምክትል አገረ ገዥው ሪፐብሊካኑ ቢል ቦሊንግ ስለነበሩ፣ በእርሳቸው ድምፅ ሪፐብሊካኖች ኮሚቴዎቹን እንደ ብዙኃን ፓርቲ አዋቀሩ። አንድ ረቂቅ ሕግ በኮሚቴ ውስጥ ከሞተ ወደ ሙሉው ምክር ቤት ስለማይደርስ፣ ኮሚቴዎቹን የያዘ ወገን የምክር ቤቱን በር ይዟል። በሁለት ዓመቱ፣ በ 2013 ምርጫ፣ ዴሞክራቱ ራልፍ ኖርተም ምክትል አገረ ገዥ ሆኑ። እርሳቸውም ማርክ ሄሪንግም የሴኔት አባላት ስለነበሩ፣ አንዱ ወደ ምክትል አገረ ገዥነት ሌላው ወደ ዋና ዐቃቤ ሕግነት ሲሄዱ ሁለት ወንበሮች ባዶ ሆኑና ምርጫ ተጠራባቸው። ዴሞክራቶች ሁለቱንም አስጠበቁ፤ የኖርተም የነበረው ወንበር የተገኘው ግን ከ 20,000 በላይ ድምፅ ከተሰጠ በኋላ፣ ቆጠራው ሲደገም፣ በ 11 ድምፅ ልዩነት ነው። ሴኔቱ ያኔም 20 ለ 20 ነበር፤ ቁጥሩ ያው ሆኖ ሰብሳቢው ተለውጧል። በጃንዋሪ 2014 መጨረሻ በኖርተም ድምፅ ዴሞክራቶች ኮሚቴዎቹን መልሰው በእጃቸው አስገቡ። በዚያው ዓመት ጁን አንድ ዴሞክራት ሴናተር ሥራቸውን ሲለቁ ሚዛኑ 20 ለ 19 ሆነና ምክር ቤቱ እንደገና ወደ ሪፐብሊካኖች ዞረ። የምክትል አገረ ገዥው ድምፅ እኩልነት በሌለበት ምንም ማድረግ እንደማይችልም ያኔ በግልጽ ታየ።

ልጅዎን ይህን ያሳዩአቸው። ወንበሩ አንዳንድ ዓመት ባዶ ክብር ነው፤ አንዳንድ ዓመት ደግሞ የሴኔቱን ባለቤት ይወስናል። የትኛው ዓመት እንደሚሆን የሚወሰነው ምክትል አገረ ገዥው በሚመረጥበት ቀን ሳይሆን ሴናተሮች በሚመረጡበት ቀን ነው። አሁን ዴሞክራቶች 21 ለ 19 ይመራሉ፤ አንድ ሴናተር በአንድ ጉዳይ ላይ ከፓርቲው ቢለይ 20 ለ 20 ይሆናል ማለት ነው፤ ያኔ የሃሽሚ ድምፅ ይቆጠራል።

ይህም ገደብ አለው። የቨርጂኒያ ሕገ መንግሥት ለአንዳንድ ጉዳዮች ከተመረጡት አባላት የብዙኃኑን ድምፅ ይጠይቃል፤ ምክትል አገረ ገዥው የሴኔቱ አባል ስላልሆነ፣ በእነዚህ ጉዳዮች የመጨረሻ ድምፅ ላይ እኩል ለእኩል ቢሆንም ገብቶ መወሰን አይችልም። በጀትና አዲስ ግብር ከእነዚህ መካከል ናቸው። በ 2012 ዴሞክራቶቹ ኮሚቴዎቹን በቦሊንግ ድምፅ ሲነጠቁ የያዙት መሣሪያ ይኸው ነበር፤ የክፍለ ግዛቱን በጀት አስቆሙት፣ ቦሊንግም ሊያድኑት አልቻሉም። ከጥያቄዎቻቸው ዋነኛው ወደ ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ለሚዘረጋው የሜትሮ ባቡር ተጨማሪ 300 ሚሊዮን ዶላር እንዲመደብ ነበር። በኤፕሪል ከራሳቸው ወገን ቻርልስ ኮልገን የተባሉ አንጋፋ ሴናተር ለበጀቱ ድምፅ ሲሰጡ 21 ለ 19 አለፈ፤ የተጠየቀው ገንዘብ ግን አልተገኘም። ባቡሩ ደለስ የደረሰው ከአሥር ዓመት በኋላ በኖቬምበር 2022 ነው። ከአዲስ አበባ የሚመጣውን ዘመድ ለመቀበል ዛሬ በዚያ መስመር የሚሄድ ሁሉ፣ የዚህ ባቡር ገንዘብ በአንድ ወቅት 20 ለ 20 በሆነ ሴኔት ውስጥ ሲያከራክር እንደነበረ ቢያውቅ መልካም ነው።

ሁለተኛው ክብደት ተተኪነት ነው። አገረ ገዥው ቢሞት፣ ቢለቅ ወይም ከሥልጣን ቢነሣ ቦታውን የሚይዘው ምክትል አገረ ገዥው ነው፤ ከእርሱ ቀጥሎ ዋና ዐቃቤ ሕጉ፣ ከዚያም የታችኛው ምክር ቤት አፈ ጉባኤ ይመጣሉ። በፌብሩዋሪ 2019 አገረ ገዥ ኖርተም በአንድ አሮጌ ፎቶግራፍ ምክንያት እንዲለቁ ከየአቅጣጫው ሲጠየቁ፣ ይህ ቅደም ተከተል በየቤቱ የሚወራ ጉዳይ ሆኖ ነበር። ኖርተም አልለቀቁም፤ ይሁን እንጂ ከጥቂት ወራት በፊት የምክትሉን ስም እንኳ የማያውቁ ብዙ መራጮች ያን ሳምንት ማን እንደሆነ ለማወቅ ተጣድፈዋል።

ሦስተኛው ነገር በሕግ የተጻፈ ሳይሆን በልማድ የመጣ ነው። ቨርጂኒያ አገረ ገዥው ሁለት ዘመን በተከታታይ እንዳያገለግል የምትከለክል ብቸኛዋ ክፍለ ግዛት ናት። ስለዚህ በየአራት ዓመቱ ወንበሩ ባለቤት ያጣል፤ የዘመን ገደብ የሌለበት ምክትል አገረ ገዥም ዓይኑን ወደዚያ ይጥላል። ደግላስ ዋይልደር በ 1985 ምክትል አገረ ገዥ ሆነው በ 1989 በአሜሪካ በሕዝብ የተመረጡ የመጀመሪያው ጥቁር አገረ ገዥ ሆነዋል። ቲም ኬይንም ራልፍ ኖርተምም በዚሁ በር አልፈዋል። ነገር ግን የሚያስተማምን መንገድ አይደለም፤ ዶን ባየር በ 1997፣ ዊንሰም ኧርል ሲርስ በ 2025 ከዚሁ ወንበር ተነሥተው ለአገረ ገዥነት ተወዳድረው ተሸንፈዋል። ለእኛ ለስደተኞች ደግሞ አንድ የሚያበረታታ ነገር እጨምራለሁ፤ በ 2021 የተመረጡት ሲርስ ጃማይካ፣ በ 2025 የተመረጡት ሃሽሚ ሕንድ የተወለዱ ናቸው። ሃሽሚ በመላ አሜሪካ በክፍለ ግዛት አቀፍ ምርጫ ያሸነፉ የመጀመሪያዋ ሙስሊም ሴትም ሆነዋል። ይህ ወንበር በውጭ አገር ለተወለደ ሰው የተዘጋ አይደለም።

እርስዎ ያልጠየቁት፣ እኔ ግን ከሁሉ በላይ እንዲያውቁት የምፈልገው፣ ኖቬምበር ላይ በወረቀቱ የሚያዩዋቸው ሁለት ስሞች የሚመጡት ከየት እንደሆነ ነው። እጩዎቹ የሚለዩት በጁን በሚደረገው የፓርቲዎች ማጣሪያ ምርጫ፣ ፕራይመሪ በሚባለው ነው። በጁን 2025 ለምክትል አገረ ገዥነት ስድስት ዴሞክራቶች ተወዳደሩ። ድምፅ የሰጠው ሰው ግማሽ ሚሊዮን ገደማ ነበር፤ በኖቬምበር ግን ከ 3 ሚሊዮን በላይ ሰው መርጧል። ሃሽሚ ያሸነፉት 30 ከመቶ ባልሞላ ድምፅ ሲሆን፣ ሁለተኛ የወጡትን የቀድሞውን የሪችመንድ ከንቲባ ሌቫር ስቶኒን የበለጡት ከአንድ ከመቶ ነጥብ ባነሰ ልዩነት ነው። ቨርጂኒያ ከፍተኛ ድምፅ ባገኙት መካከል ሁለተኛ ዙር ስለማታደርግ፣ በዚያች ጠባብ ልዩነት ጉዳዩ አለቀ። ማኅበረሰባችን በብዛት በሚኖርባቸው በአሌክሳንድሪያ፣ በአርሊንግተንና በፌርፋክስ ዴሞክራቶች ኖቬምበር ላይ በሰፊው ስለሚያሸንፉ፣ የአንድ ነዋሪ ድምፅ ከፍተኛ ክብደት የሚኖረው በጁን ነው። ወገኖቻችን ግን በብዛት የሚወጡት ኖቬምበር ላይ ነው፤ ይህ በእጅጉ ያሳዝነኛል።

በፕራይመሪ ለመምረጥ የፓርቲ አባል መሆን ያስፈልጋል የሚለው እምነት በቨርጂኒያ ስሕተት ነው። እዚህ መራጭ ሲመዘገብ ፓርቲ አይጠየቅም። ሁለቱም ፓርቲዎች በአንድ ቀን ፕራይመሪ ካላቸው አስፈጻሚው የየትኛውን ወረቀት እንደሚፈልጉ ይጠይቅዎታል፤ አንዱን ብቻ ይወስዳሉ። በሜሪላንድ ግን በፓርቲ ፕራይመሪ የሚሳተፈው በዚያ ፓርቲ የተመዘገበ ሰው ነው፤ እዚህም ላይ የእኅትዎን ሕግ ከእርስዎ ሕግ ጋር አያደባልቁ። ደግሞ ፓርቲዎች ሁልጊዜ ፕራይመሪ ያደርጋሉ ማለት አይደለም። ሪፐብሊካኖች በ 2021 ሲርስን የመረጡት አስቀድመው በተመዘገቡ ልዑካን ጉባኤ ነበር፤ እንዲህ ያለ ጊዜ ተሳትፎ የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ ልዑክ ሆኖ መመዝገብ ነበረበት።

አሁን ጥንቃቄዎች። የመጀመሪያውና ከባዱ የዜግነት ጉዳይ ነው። በቨርጂኒያ ለምክትል አገረ ገዥም ሆነ ለሌላ የሕዝብ ምርጫ ድምፅ መስጠት የሚችለው ዜጋ ብቻ ነው። ከሲልቨር ስፕሪንግ አጠገብ ባለችው በታኮማ ፓርክ ከተማ ዜጋ ያልሆኑ ነዋሪዎች የከተማውን ምክር ቤት መምረጥ ይችላሉ፤ በዲሲም ለከተማዋ ምርጫዎች ተፈቅዷል። ይህን የሰማ ግሪን ካርድ ያለው ዘመድ ቨርጂኒያ መጥቶ «ነዋሪ ነኝ» ብሎ ቢመዘገብ፣ ዜጋ ነኝ ብሎ በሐሰት እንደ ማለት ስለሚቆጠር ዜግነት ከመከልከል አልፎ ከአገር እስከ መባረር ሊያደርሰው ይችላል። የመንጃ ፈቃድ ሲወጣ የሚቀርበውን የመራጭነት ጥያቄ ሳያነቡ «አዎ» ማለትም ያው ነው። ቅጹን ያልተረዳ ሰው ከመፈረሙ በፊት የሕግ ባለሙያ ይጠይቅ።

ሁለተኛው የቋንቋ ነገር ነው። የፌዴራሉ ሕግ የምርጫ ወረቀት በሌላ ቋንቋ እንዲታተም የሚያስገድደው ለተወሰኑ የቋንቋ ማኅበረሰቦች ሲሆን አማርኛ ከእነርሱ መካከል የለም። ነገር ግን ማየት፣ ማንበብ ወይም መጻፍ የሚያስቸግረው ማንኛውም መራጭ የሚያምነውን ሰው ይዞ ገብቶ መረዳት ይችላል፤ ይህ በፌዴራሉ የመራጮች መብት ሕግ የተጠበቀ ነው። ረዳቱ ልጅ፣ ጎረቤት ወይም የቤተ ክርስቲያን ወዳጅ ሊሆን ይችላል፤ የመራጩ አሠሪ ወይም የሠራተኛ ማኅበሩ ወኪል ግን መሆን አይችልም። በጣቢያው የሚፈረም ቅጽ አለ። ረዳቱ የሚያነበውና ምልክት የሚያደርገው መራጩ እንዳዘዘው ነው፤ «ይኼኛው ይሻልሻል» ማለት ረዳትነት አይደለም። ልጆቻችን ለወላጆቻቸው ሲረዱ ይህን መስመር እንዳያልፉ አጥብቄ እለምናለሁ፤ የእናት ድምፅ የእናት ነው።

ሦስተኛው ቀለል ያለ ነው። ቨርጂኒያ መታወቂያ ትጠይቃለች፤ መንጃ ፈቃድ፣ ፓስፖርት ወይም ስምና አድራሻ ያለበት የቅርብ ጊዜ የመብራት ክፍያ ደረሰኝ ይበቃል። ምንም ያልያዘ ሰው ማንነቱን የሚያረጋግጥ ቅጽ ፈርሞ መምረጥ ይችላልና ተመልሶ ወደ ቤት አይሂድ። ሥራው የማይፈቅድለት የታክሲም ሆነ የሆስፒታል ፈረቃ ሠራተኛ የምርጫውን ቀን መጠበቅ የለበትም፤ በአካል ቀደም ብሎ ድምፅ መስጠት ከምርጫው 45 ቀን በፊት ይጀምራል። በዕለቱ ደግሞ ጣቢያዎቹ በፈረንጅ ሰዓት ከጠዋቱ 6 እስከ ምሽቱ 7 ክፍት ናቸው፤ 7 ሰዓት ላይ ሰልፍ ውስጥ ያለ ሰው ይመርጣል።

የእኔ ምክር የሚከተለው ነው፤ በዚህም አላወላውልም። የተዉትን መስመር አያስቡ፤ የሚመለስ አይደለም፣ ሌላውንም ድምፅዎን አልጎዳም። የሚቀጥለው የምክትል አገረ ገዥ ምርጫ በኖቬምበር 2029 ነው፤ ነገር ግን እስከዚያ አይጠብቁ። ኖቬምበር 2 ቀን 2027 የሴኔቱ 40 ወንበሮች በሙሉ ለምርጫ ይቀርባሉ፤ የምክትል አገረ ገዥዋ ድምፅ ክብደት እንዲኖረው ወይም እንዳይኖረው የሚያደርገው ያ ቀን ነውና ይምረጡ። ከዚያም በጁን 2029 ፕራይመሪ ይውጡ። ለዚህ ወንበር የሚወዳደር ሰው በማኅበረሰባችን አዳራሽ እጅ ሊነሣ ሲመጣ ስለ ቪዛና ስለ ኪራይ አይጠይቁት። ሴኔቱ 20 ለ 20 ቢሆን ኮሚቴዎቹን ለማን እንደሚሰጥ፣ በየትኞቹ ሕጎች ላይ ከራሱ ፓርቲ ሊለይ እንደሚችል፣ ነገ አገረ ገዥ ቢሆን በመጀመሪያ ምን እንደሚሠራ ይጠይቁት። ለእነዚህ ሦስት ጥያቄዎች ቀጥተኛ መልስ የሌለውን እጩ እኔ አልመርጠውም። እስከዚያው ድረስ በዚህ ሳምንት ከልጅዎ ጋር ተቀምጠው በክፍለ ግዛቱ የምርጫ መምሪያ ድረ ገጽ ላይ ስምዎና አድራሻዎ በትክክል መመዝገቡን ያረጋግጡ፤ ቤት ከቀየሩ አድራሻዎን ያድሱ፣ ምክንያቱም የሴኔት ወረዳዎ የሚለየው በአድራሻዎ ነው።